ገጽ ሳያልቅ

የአደጋ አጣሪ ኮሚቴው ሪፖርት ባሏ በሞተ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣ። ሠላሳ አራት ገጽ ነው። አራሚዋ በር ላይ ፈርማ ተቀበለችና ማዕድ ቤት ገብታ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የቁርስ ፍርፋሪ በእጇ ጠርጋ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ወረደችበት። ስትጨርስ አሥራ አራት የፊደል ግድፈት፣ ቦታቸውን የሳቱ ሦስት ነጠላ ሰረዞችና ሁለት ጊዜ የተቆጠረ አንድ ገጽ አግኝታለች። ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ አርማቸዋለች። ባሏ እንዴት እንደሞተ ቢጠይቋት ግን የምትመልሰው አልነበራትም።

እንዲህ ያለው ነገር ከአራሚ በቀር በማንም አይደርስም። ሌላው ሰው መርዶ ሲያነብ ዓይኑ እንባ ያቀርና ፊደሉ ይጠፋበታል፤ እሷ ፊደሉን ስታይ መርዶው ጠፋባት። አሥራ ሰባት ዓመት በማተሚያ ቤት ስትሠራ ዓይኗ ከአእምሮዋ ተለይቶ መሄድ ለምዷል። ባሏ በዚህ ሲቀልድባት ነው የኖረው። "የፍቅር ደብዳቤ ብጽፍላት ከአሥር ስድስት ሰጥታ መለሰችልኝ" ይል ነበር ሰው በተሰበሰበበት። ውሸቱን ነው፤ የሰጠችው ሰባት ነበር።

ከሞተ ጀምሮ አላለቀሰችም። ሊያጽናኗት የመጡ ሰዎች ይህን ልብ ብለው ነበርና ከፊሎቹ "ምራቋን የዋጠች ሴት" አሏት፣ ከፊሎቹ ደግሞ ደረጃውን እየወረዱ "ምን ዓይነቷ ደረቅ ናት" ተባባሉ። ሁለቱም ልክ አልነበሩም። ሲቀመጡበት የሚደነዝዝ እግር አለ አይደል? ሲነኩት የራስ የማይመስል? እሷ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንደዚያ ነበረች። ብዪ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ሥራ ግቢ ያላት ሰው ባይኖርም በአሥረኛው ቀን ሥራ ገብታለች፤ ለዚያ ሐሙስ ብቻ ነው ቤት የዋለችው።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነበር፤ በሙያው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። አንድ ማክሰኞ፣ ባለ ስምንት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ሊፍቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ሊፍቱ ወርዶበት ሞተ። ረዳቱ በዚያን ሰዓት ጣራው ላይ፣ ሞተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ነበር። ጠፍቶ የነበረውን ኃይል መልሶ ያበራው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ማንም ሌላ ነገር ማወቅ አላስፈለገውም። "ሰው ጉድጓድ ውስጥ እያለ አበራበት" የምትለዋ ወሬ ከቀብሩ በፊት ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞራ ጨርሳለች።

ያንኑ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከሞተር ጋር ሲፎካከር የኖረ፣ ልቡ ግን ከምላሱ ሥር የተቀመጠ ሰው። ታናሽ ወንድሙን ትምህርት ቤት ያስገባው፣ ሙያ ያስያዘው፣ የዳረውም እሱ ነው። ወንድሙ ካረፈ ጀምሮ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ነበር የሚዞረው። አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"ፈርሚ" አላት።

አቤቱታ ነው። የረዳቱ የሥራ ፈቃድ እንዲነጠቅና በሰው መግደል እንዲከሰስ ይጠይቃል። ከሥሩ አርባ ሦስት ፊርማ ተደርድሯል፤ ጎረቤቶች፣ የሹፌሩ ጓደኞች፣ ባሏን በሕይወቱ አይተውት የማያውቁ የጥርስ ሐኪም ሳይቀሩ ፈርመዋል። የመጀመሪያው መስመር ብቻ ባዶ ነው። እሱ የሚስት ቦታ ነው፤ ያለ እሷ ፊርማ አጣሪ ኮሚቴው አይቀበለውም። ማስገቢያው ሰኞ ጠዋት ነው።

"ወንድም ጋሼ፣ ሪፖርቱን አንብበኸዋል?"

"እኔ ጋ ከመጣው ቅጂ ገጽ ሃያ አንድን አንብቤያለሁ። ሰንጠረዥ አራት። ከዚያ ወዲያ ምን ያደርግልኛል?" ወፍራም ጣቱን ቁጥሮቹ ላይ አሳረፈ። "ይኸው እዪ! ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ። ያ ሰውዬ ያበራው አራት ሰዓት ከሃያ አራት። አምስት ደቂቃ ሙሉ ውስጥ ነበር! ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ 'በሬዲዮ ወጥቻለሁ፣ አብራ ብሎኛል' ይላል። ቆሽቴ አርሯል እህቴ። ፈርሚና ይለቅልን።"

እስክሪብቶውን አነሳች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ልትፈርም ነበር፤ ተናዳ አይደለም፣ ከመከራከር መፈረም ስለሚቀልል ነው። ግን ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ የተዘለለች ፊደል ዓይኗን ያዘቻት። እሷን ጨመረች። ፊደሏን ስትጨምር ደግሞ እጇ ሥራ ቦታ ያለች መስሎት ቆመ። ማተሚያ ቤት አንድ ገጽ ወደ ማሽን የሚሄደው እሷ ከግርጌው "ይታተም" ብላ ስትፈርምበት ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመት ያላነበበችው ገጽ ላይ ፈርማ አታውቅም።

"እስከ እሑድ ስጠኝ" አለች።

"ምን ልትሆኚ?"

"ላነበው።"

ሹፌሩ ቀይ በቀይ የሆነውን ሪፖርት አየ። "ይኸው አንብበሽ ጨርሰሽ የለም እንዴ?"

"አረምኩት እንጂ አላነበብኩትም።"

ከሐዘንተኛ ጋር ጭቅጭቅ ነውር ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርጎ ዘግቶ ወጣ።

የማተሚያ ቤቱ እርማት ክፍል መስኮቷ ወደ ወረቀት መጋዘኑ የሚከፈት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ብቻ የሚሠራበት አንድ ደንብ አለ፤ አንድ ጽሑፍ በሁለት ሰው ይነበባል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር በስሙ እየጠራ፤ ሌላው በእርሳስ ይከተላል። የሚያነቡት ሽማግሌ ናቸው። አርባ ዓመት ከዚህ ሥራ ሳይወጡ ስለቆዩ ስማቸው ተረስቶ ሁሉም ጋሽ አራት ነጥብ ይላቸዋል። ሚስታቸውን የጠየቁት "ታገቢኛለሽ ጥያቄ ምልክት" ብለው ነው እየተባለ ይወራባቸዋል። እሳቸውም አላስተባበሉም።

ሌላም ደንብ አለ፤ ገጽ ሳያልቅ አስተያየት የለም። የተናደደ አንባቢ ፊደል ይዘላል፣ የተደሰተም ይዘላል፤ ስለዚህ የሚያናድድም ሆነ የሚያስደስት ነገር ቢመጣ ገጹ እስኪያልቅ ይዋጣል። ገጹ ሲያልቅ እርሳስ ይቀመጥና ይወራል። ያኔም ቢሆን መቃወም የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሌላውን ሐሳብ መልሶ መናገር አለበት፣ ባለቤቱ "አዎ፣ እንደዚህ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ። በዚህ የተነሳ በዚያች ክፍል ውስጥ ብዙ ጠብ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሰው የባላጋራውን ነገር በገዛ አፉ አስተካክሎ ሲናገረው የሚጣላበት ያጣል።

አርብ በምሳ ሰዓት ሪፖርቱን ጋሽ አራት ነጥብ ፊት አኖረችው።

"ይህን ያንብቡልኝ" አለች። "ብቻዬን ሳነበው ፊደሉ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

ሽፋኑን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ባሏን ይወዱት ነበር። የማተሚያ ቤቱን የዕቃ ሊፍት ሊጠግን በመጣ ቁጥር እርማት ክፍል ጎራ ብሎ ያስቃቸው ነበር። "እኔ ድምፄ አይሰበርም?" ብለው ራሳቸውን እንደሚጠይቁ ያስታውቃሉ። ከዚያ አነበቡ፤ ድምፃቸው እንደ ልማዱ ደረቅና ቀጥ ያለ ነበር፤ የስልክ ማውጫም ቢሆን የሚያነቡት እንደዚያ ነው።

"ሟቹ ነጠላ ሰረዝ ሥራውን ካጠናቀቀ በኋላ ነጠላ ሰረዝ በአራት ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ከጉድጓዱ ሲወጣ በምድር ቤቱ ካሜራ ታይቷል አራት ነጥብ።"

እርሳሷ ተከተለ። ምንም አልተሰማትም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው ገባት፤ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

"ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ስድስት እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ቆሞ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዙሯል አራት ነጥብ። ባልታወቀ ምክንያት ነጠላ ሰረዝ የማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ ሳይጫን ነጠላ ሰረዝ በአራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ በፍጥነት ተመልሶ ገብቷል አራት ነጥብ።"

አርብ አሥራ ስምንት ገጽ ሄዱ። ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው፤ ሰዉ ሲወጣ እነሱ ቀሩና ሰንጠረዥ አራት ላይ ደረሱ። "ኃይል የተመለሰበት ሰዓት፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ሰዓት ከሃያ አራት" አሉ ጋሽ አራት ነጥብ፤ ቀጥለውም "ኮከብ" አሉ።

ቁጥሩ ጫፍ ላይ ከዝንብ ዓይን የማትበልጥ ኮከብ ነበረች። አርባ ሦስቱ ፈራሚዎች ቢያነቡት እንኳ አያዩዋትም ነበር። ሹፌሩ በጣቱ ሸፍኗት ነበር። እሷ ራሷ ሐሙስ ዕለት አይታት "ኮከቧ ትንሽ ከፍ ትበል" የሚል ምልክት አድርጋባት አልፋለች። ጋሽ አራት ነጥብ ግን ኮከብ አይተው ወደ ግርጌ ሳይወርዱ አያውቁም። ግርጌው "አባሪ ሁለትን ይመልከቱ" ይላል። አባሪ ሁለት ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ነው። ገለጡ።

"የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት በስምንት ደቂቃ እንደሚቀድም በፍተሻ ተረጋግጧል አራት ነጥብ። የካሜራው ሰዓት ትክክል ሆኖ ተገኝቷል አራት ነጥብ።"

ገጹ አለቀ። እርሳሷን አስቀመጠች።

"ኃይል የተመለሰው አራት ሰዓት ከሃያ አራት አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ከአሥራ ስድስት ነው። እሱ ከአሥራ አምስት ላይ ወጣ። ረዳቱ ከአሥራ ስድስት ላይ አበራ። እሱ ከአሥራ ዘጠኝ ላይ ተመልሶ ገባ። ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ የሚለው ከሃያ ስምንትም ከሃያ ነው፤ ያኔ አንድ ነዋሪ ከላይ ሊፍቱን ወደ ምድር ቤት ላከው።"

"ልድገምልሽ" አሉ። "ሰውዬው ሲያበራ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። 'ወጥቻለሁ፣ አብራ' ብሎኛል ማለቱ ከሰዓቱ ጋር ይስማማል። እንደዚህ ነው ያልሽው?"

"አዎ፣ እንደዚህ ነው።"

"ታዲያ መደምደሚያው ለምን ጥፋተኛው ረዳቱ ነው ይላል?"

ይህንን እንኳ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነው። "ጽሑፉ የሦስት ሰው እጅ ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገሩ አያልቅለትም። አንዱ ቁጥር ብቻ ነው የሚያምነው፤ አባሪዎቹ የእሱ ናቸው። መደምደሚያውን የጻፈው ሦስተኛው ነው፤ ሰንጠረዡን ገልብጦ ኮከቧን ጥሏታል። የሁለተኛውን አላነበበም።"

ጋሽ አራት ነጥብ ወደ ገጽ አሥር ተመለሱ። "እና ለምን ተመልሶ ገባ?"

"ባልታወቀ ምክንያት ይላል።"

"እንግዲያው ጽሑፉ አያውቅም። ያላወቀውን ቦታ ክፍት ትቶታል። ክፍት ቦታ ሲያይ ካልሞላሁ ብሎ እጁን የሚበላው ሰው ሞልቷል፤ እኛ ደመወዝ የሚከፈለን ላለመሙላት ነው።"

የቀሩትን ገጾች ጨረሱ። ገጽ ሃያ ስምንት ላይ በጉድጓዱ ውስጥ የተገኙ ዕቃዎች ዝርዝር ነበር። የእጅ ባትሪ። ሁለት መፍቻ። ጨርቅ። አምስተኛው፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ የነበረ ተንቀሳቃሽ ስልክ። እርሳሷ እዚያ ላይ ቆመ። ጋሽ አራት ነጥብም ጠበቋት፤ ለምን እንደቆመች ግን ገጹ አላለቀምና አልጠየቁም።

በጠረጴዛው ሥር የራሷን ስልክ አወጣች። ወደዚያ ማክሰኞ ወረደች። የደወለችለት አንድ ጊዜ ነው። አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት። ያልተነሳ።

እስከዛሬ ያንን ጥሪ አስባው አታውቅም ነበር። ሲሠራ ስልክ አያነሳም፤ አለማንሳቱ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ምን ሆነ? ስልኩን ጉድጓዱ ውስጥ ረስቶ ወጣ፤ ስድስት እርምጃ ሄደ፤ ከኋላው ጮኸ። ካሜራው ድምፅ አይቀዳም። ኮሚቴው ጭንቅላቱን ሲያዞር አየ እንጂ የሰማውን አልሰማም።

ገጹ ሲያልቅ ጋሽ አራት ነጥብ "አስተያየት?" አሏት።

"የለኝም" አለች። በዚያች ክፍል ውስጥ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነው። ውሸቱም ቢሆን አልተሰማትም።

ስትወጣ የማተሚያ ቤቱ በር ላይ ረዳቱ ቆሞ ነበር፤ የባሏን የመሣሪያ ቦርሳ በሁለት እጁ ታቅፎ። ረዳት ቢባልም ዕድሜው ሃምሳ ሁለት ነው። የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቆ፣ በዕድሜ ከሚያንሰው ሰው ሥር በደስታ ሲሠራ የኖረ፣ ሽበቱን በባርኔጣ የሚደብቅ ሰው። ቤታቸው ሲመጣ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ምን አረምሽ?" እያለ ይቀልድባት ነበር። አሁን ግን አንቱ አላት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ቤት ለመምጣት ፈራሁ። ይህ ቦርሳ የእሱ ነው፣ እኔ ጋ ማደር የለበትም።"

ቦርሳውን ተቀበለችው። ከባድ ነበር።

"ሰኞ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ። እንዳይቸገሩ ብዬ ነው የምነግርዎት።"

"ወጥቻለሁ አላለህም እንዴ?"

"ብሎኛል ብዬ ነበር።" ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ ደፋው። "አሁን እንጃ። ሰው ሁሉ አላለህም ይለኛል። ድምፁን ደጋግሜ ሳስታውሰው፣ ሳስታውሰው፣ መጨረሻ ላይ ጠፋብኝ። ምናልባት 'አልወጣሁም' ብሎኝ ይሆናል። እሱ ያለ ነገር ተመልሶ ጉድጓድ የሚገባ ሰው አይደለም፣ አይደል? እርስዎም ያውቁታል። ያለ ነገር አይገባም። ስለዚህ ጆሮዬ ነው።"

ይኸው። ክፍቱን ቦታ በራሱ ሞልቶታል። ሰው የሰማውን ትቶ የተባለውን ሲያምን አይታ አታውቅም ነበር። አፏን ከፈተች። "አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት" ማለት ብቻ ነበረባት፤ አምስት ቃል እንኳ አይሆንም። ምላሷ ግን የሌላ ሰው ሆኖባት እንቢ አለ።

"ሰኞ ሳይደርስ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርም" አለችው በመጨረሻ።

"ለምን?"

"ገና አልጨረስነውም።"

ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ የገባው ግን አይመስልም። እጅ ነስቷት ሄደ። ከኋላው ስታየው አንድ ትከሻው ዘንበል ብሏል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ አጠበች፣ አሰጣች፣ ሳይደርቅ አወረደች፣ መልሳ አሰጣች። እያሰበች ነበር። መደንዘዝ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ሐሳብ ሳያቃጥል ያልፍበታል። ገጽ ሠላሳ አንድን አሳይታ ዝም ማለት ትችላለች። ኮሚቴው ይበቃው ይሆናል። ወንድም ጋሼ ግን አይበቃውም፤ "ታዲያ ለምን ተመልሶ ገባ?" ይላል፣ ያንን ቀዳዳ በረዳቱ ስም ይደፍነዋል። ረዳቱም ራሱ ይደፍነዋል፤ ቢለቁት እንኳ ዕድሜ ልኩን ጆሮውን ሲከስ ይኖራል። ከተናገረች ደግሞ አማቷን ታጣለች። የራሷ እናት ከሞተች ቆይታለች፤ በዚህ ዓለም ላይ "ልጄ" የሚላት የቀረው ያ አንድ አፍ ነው። ሁለቱንም አገላብጣ አየቻቸው። የሚያስለቅሱ ነገሮች መሆናቸውን አወቀች፤ አላለቀሰችም።

እሑድ ከምሳ በኋላ አማቷ ቤት ሄደች። አሮጊቷ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጥቁር ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው። ማንበብ አይችሉም። ሹፌሩ መስኮቱ ሥር ነው፤ አቤቱታው ጉልበቱ ላይ፣ እስክሪብቶው ጆሮው ላይ።

"እማማ፣ ከመፈረሜ በፊት ላንብብልዎት" አለች አራሚዋ። "እስክጨርስ ግን ማንም አይናገር። ገጹ ሲያልቅ ይወራል።"

"ደግሞ ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?" አለ ሹፌሩ።

"አንብቢ ልጄ" አሉ አማቷ።

አነበበች። ገጽ ዘጠኝን፣ አሥርን፣ ሃያ አንድን፣ ከኮከቧ ወርዳ ሠላሳ አንድን። ልማድ ሆኖባት ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ ትጠራለች፤ አማቷ "አራት ነጥብ" ባለች ቁጥር ጭንቅላታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጥ ሞከረ። ሁለተኛው ላይ እናቱ ሳይዞሩ መዳፋቸውን ዘረጉበት፤ ያ ትልቅ ሰው አፉን ገጠመ።

"ጨረስኩ" አለች።

"ስምንት ደቂቃ!" ፈነዳ። "የሰው ነፍስ በስምንት ደቂቃ ሊሸጥ ነው? ሰዓት ቀደመ ምናምን እያሉ ያንን ሰውዬ ሊያድኑት…"

"መጀመሪያ ያነበበችውን ንገረኝ" አሉ አማቷ። "እኔ መሃይም ነኝ። ገብቶኝ እንደሆን ካንተ ልስማው።"

"እሷ ያለችው… ወንድሜ ወጣ። ከዚያ ያ ሰውዬ አበራ። ከዚያ…" ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። "ከዚያ ወንድሜ ተመልሶ ገባ።" እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ አየው። "እሺ። ይሁን። ሰዓቱ እንዳለችው ይሁን። ታዲያ ለምን ተመልሶ ይገባል? ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ቀዩን ቁልፍ ሳይጫን ለምን ይገባል? አንድ ነገር ጠርቶታል። የጠራው ያ ሰውዬ ነው፤ ሌላ ማን አለ እዚያ?"

"እኔ ነኝ የጠራሁት" አለች አራሚዋ።

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ስልኩን ጉድጓዱ ውስጥ ረስቶት ነበር። አራት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ደወልኩለት። ከኋላው ጮኸ። ሊያነሳው ገባ። ወረቀቱ አያውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።"

ውጪ መንገዱ ላይ አንድ መኪና አልነሳ ብሎ ደጋግሞ ያጓራል። ሹፌሩ ስልኩን አንስቶ የጥሪውን ሰዓት አየ፣ መልሶ አስቀመጠው፣ እንደገና አነሳው። ስትጠብቀው የነበረው ጩኸት አልመጣም። ይልቁን ትከሻው ወረደ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከላዩ ላይ ረገፈና አንድ ትንሽ ልጅ መስኮቱ ሥር ቀረ።

"ታዲያ እኔ አሁን ማንን ልክሰስ?" አለ።

አቤቱታው ከጉልበቱ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ሊያነሳው አላጎነበሰም።

አማቷ ወደ እሷ ዞሩ። "ለምን ነበር የደወልሽለት?"

"አላስታውስም እማማ።"

"አስቢ እንጂ።"

"ከትናንት ጀምሮ አሰብኩ። ዕቃ አምጣ ልለው ይሁን፣ ስንት ሰዓት ትመጣለህ ልለው ይሁን… አላስታውስም። ትልቅ ነገር አልነበረም።" ውጪልኝ እስኪሏት ቦርሳዋን እጇ ላይ ይዛ ጠበቀች።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከአገጫቸው አወረዱ። ፊታቸው ደርቆ ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ሲያለቅስ የኖረ ፊት እንደሚደርቀው። ነገሩን አንድ በአንድ በውስጣቸው እንደገና እያነበቡት መሆኑ ያስታውቃል፤ ማንበብ የማይችሉት ሴት።

"ነገ" አሉ ለልጃቸው፣ "ያንን ወረቀት ትተህ እሷን ይዘሃት ትሄዳለህ። ለሰዎቹ ትንገራቸው። ለዚያ ምስኪን ረዳቱም ትንገረው፤ ጆሮው ደኅና ነው በሉት።" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የእሷን ጣቶች ከቦርሳው ላይ አንድ በአንድ አላቀቁ። "አንቺ ደግሞ ልጄ፣ እንዲያው ነገሩ ተገላብጦ፣ አንቺ ጉድጓድ ውስጥ ስልክሽን ረስተሽ እሱ ቢደውልልሽስ? አትመለሽም ነበር?"

አራሚዋ ልትመልስ አሰበች። እንደ ልማዷ ጥያቄውን በውስጧ መልሳ አለችው፤ ስልኳ ሲጮኽ፣ የእሱ ስም ሲበራ፣ እሷ ስትዞር ታያት። ሮጣ ነበር የምትመለሰው። ያንን ስም ካሁን በኋላ የትኛውም ስልክ ላይ እንደማታየው ያኔ ገና፣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ገባት፤ ገባትና አማቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ጮኻ አለቀሰች።